የሻይ ቤቱ ካሴቶች

ጥቅምት 2 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ካርቶኑ ዛሬ ጠዋት ከደሴ ደረሰልኝ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንገላቶ አንድ ጎኑ ተቀዷል። ካሴቶቹ ግን ደህና ናቸው፤ ጋሼ በሲባጎ ጥርቅም አድርገው አስረዋቸዋል። ቆጠርኳቸው፤ 41 ናቸው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደሴ ፒያሳ ላይ ለብዙ ዓመት ሻይ ቤት ነበራቸው። ሻይ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ካሴቶቹ ግን አልጋ ሥር ሆነው ይኸው እስከ ዛሬ አሉ። ለመስቀል ሄጄ ሳያቸው «ጋሼ፣ ሳይበላሹ ኮምፒውተር ላይ ልቅዳቸው?» አልኳቸው። «ውሰዳቸው። ቴፑም ሞቷል፣ እኔ ምን አደርግባቸዋለሁ» አሉኝ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ትከታለህ፣ ድምፁ በጃክ ወደ ላፕቶፕ ይገባል፣ ፋይል ይሆናል። ነገር ግን የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ማፍጠን የለም፣ መዝለል የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ። እያንዳንዱን ካሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ የተሰማኝንም እዚህ እጽፋለሁ። ስልኬ ላይ አንድ ዘፈን 20 ሰከንድ ሰምቼ ማለፍ ከለመደብኝ ዓመታት አልፈዋል።

ሽፋኖቹን ሳገላብጥ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። በዘፈኖቹ ስም አጠገብ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አለ። አንዳንዱ አንድ ራይት፣ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ሦስት። ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ኤክስ፣ ልክ እንደ አስተማሪ እርማት። ጋሼ የዘፈን ዳኛ እንደነበሩ ማንም አልነገረኝም! ደስ አለኝ። በእሳቸው ምልክት ጎን የራሴን አስተያየት አስቀምጣለሁ።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ቴፑን የገዛሁት መርካቶ ነው። ያገለገለ ነው፤ ሁለት ካሴት የሚይዝ ትልቅ ዴክ። አብራሁት፣ ዞረ፣ ድምፅ ሰጠ። ግን ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፤ ድምፁ ይጎተታል፣ መሀል መሀል ላይ ይዋዥቃል።

ከፈትኩት። ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘው ቺንጊያ ረግቧል። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ጎማው ሲረግብ ክሩ ያዘግማል፣ ዜማውም አብሮ ይወርዳል። አንድ ሱቅ «ልክ የዚህ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ቺንጊያ ወፍራም ሆኖ ሞተሩን አስጨነቀው። ሌላ ቦታ ሄጄ አሮጌውን አሳይቼ፣ አስለክቼ፣ ቀጭኑን ገዛሁ። ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል ማስረዳት አይሠራም።

ሄዱን፣ ማለትም ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት። የመጀመሪያው ጥጥ ቡና መሰለ፤ አራተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ።

ፍጥነቱ መስተካከሉን በምን አውቃለሁ? ከጋሼ ካሴቶች አንዱ የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። እኔ ደግሞ ኢትዮጲክስ በተባለው የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች ተከታታይ 7ኛ ቅጽ የወጣውን በሲዲ አለኝ። ሁለቱን እኩል አጫወትኳቸው። በአሮጌው ቺንጊያ ካሴቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በአዲሱ ሲገጥሙ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ የእውነት ጀመርኩ። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ በ16 ቢት ነው የምቀዳው። በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 41ዱም የ60 ደቂቃ ቢሆኑ 26 ጊጋባይት ቢበዛ ነው፤ ለትንሽ ፍላሽ እንኳ አይከብድም። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጌ ነው የማስተካክለው። የመጀመሪያውን ካሴት ከፍ አድርጌ ቀድቼው ጥሩምባው ሲገባ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቀዳሁት።

የመጀመሪያው ማህሙድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው፣ በ1986 ደግሞ ክራምድ ዲስክስ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ቤልጂየም ላይ እንደገና አሳትሞት አውሮፓ ማህሙድን ያወቀበት። ጋሼ ሦስት ራይት ሰጥተውታል። እኔም ሦስት እሰጣለሁ። ግን በሌላ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

እስከ ዛሬ ይህን ዘፈን የምሰማው ለማህሙድ ድምፅ ነበር። ዛሬ ባሱን ብቻ ተከትዬ ሰማሁት። ጆቫኒ ሪኮ ነው። አንድ ሐረግ ይይዝና ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይሰለችም። ማህሙድ ከላይ ሆኖ ድምፁን እንደ ልቡ ሲያንከባልል መሬቱን የያዘለት ባሱ ነው። ጊታሩ ደግሞ የሰላም ሥዩም ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሮሃ ባንድ ገቡ። ከዚህ ካርቶን ውስጥ ሮሃ ያጀባቸው ስንት ካሴቶች እንዳሉ ገና እቆጥራለሁ፤ ባሱን ስሰማ እጁን መለየት ጀምሬአለሁ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ሁለት ካሴት። አንዱ የጥላሁን ገሠሠ ነው፤ ከየቦታው ተለቃቅሞ የተቀዳ ይመስላል። ጋሼ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ትዝታ ኤክስ አድርገውበታል። በዚህ አልስማማም። አጥብቄ ነው የማልስማማው። ጥላሁን እዚያ ላይ አይጮህም። ድምፁ ያለው ሰው ድምፁን ሲቆጥብ ነው ልብ የሚሰርቀው። በአንድ ትንፋሽ ጀምሮ ሲያወርደው መሀል ላይ ይቆረጣል ብዬ ፈራሁ፤ አልተቆረጠም። ሁለት ጊዜ መልሼ ሰማሁት፤ ይህ ደግሞ ከደንቤ ውጪ ነው።

ጋሼ ምን አስጠላቸው? ስንገናኝ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ሦስት ካሴቶች ላይ «መጽሐፍ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። የመጀመሪያውን ከተትኩ። መጀመሪያ ሹክሹክታ የመሰለ ሽሽታ፣ ከዚያ የማንኪያ ድምፅ፣ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር የሚያማስል። ከዚያ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተረክ አንድ ሰው መቅረጫ ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጦ ቀድቶታል። ለዚህ ነው ማንኪያው አብሮ የተቀረጸው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ሻይ እያማሰለ ወጋየሁን ይሰማል። የሚያወራ ግን አንድም ሰው የለም። ማንኪያው ራሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያቆማል።

የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ያነበብኩት ሃይ ስኩል ሆኜ ነው። እውነቱን ለመናገር የጉዱ ካሳን ረጃጅም ንግግሮች እየዘለልኩ ነበር ያነበብኩት። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን እንደሆኑ ነበር የቸኮልኩት። ወጋየሁ ግን አያዘልልህም። ጉዱ ካሳን ሲያነብ አያፋጥንም። ቃሉን ይመዝናል፣ ያርፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ለካ ያ ሰው የሚናገረው ስብከት አይደለም፤ ያመመው ሰው ንግግር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ በወጋየሁ አፍ ሲመጡ ቁጣቸውም ፍርሃታቸውም አብሮ ይሰማል። ሳነበው ፍርሃታቸውን ፈጽሞ አላየሁትም ነበር።

የበዛብህ እናትና አባት ታሪክ ረዝሟል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም እል ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። የእናቱ ስለት ባይኖር የልጁ ዕዳ አይገባንም፤ ስለቱን ደግሞ እናቱን ሳናውቃት አናምነውም። እስካሁን የከበደኝ መጨረሻው ነው። ሞት በሞት ላይ ሲደራረብ እንባዬ ይደርቃል። ሐዲስ አንዱን ቢያተርፉ ኖሮ የበለጠ ያመኝ ነበር።

ሦስት ካሴት ለዚያ ሁሉ መጽሐፍ ምንም አይደለም፤ ብጥስጣሽ ነው። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሰብለ ወንጌል ስትናገር መሀል ላይ ዘፈን ተቀድቶበታል። ሁለት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ወጋየሁ ይመለሳል፣ ጨዋታው ግን ሌላ ቦታ ደርሷል። አንጀቴን በላኝ።

ማታ የድምፅ ማጽጃውን ሞከርኩ። ሽሽታው ጠፋ። ማንኪያውም ጠፋ። የወጋየሁ ትንፋሽም አብሮ ሄደ፤ ቃል ከመጀመሩ በፊት የሚስባት ትንሽ ትንፋሽ። መልሼ እንደነበረ አደረግሁት። ከዛሬ ጀምሮ ምንም አላጸዳም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

የነዋይ ደበበ አንድ ካሴት እየቀዳሁ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው መቅዳቱን አላቆመም። ቴፑ ሲሞት የነዋይ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ እየተጎተተ ሄዶ ጸጥ ሲል ሁሉንም ቀርጾታል። ፋይሉን ሰረዝኩት፤ ገጹን ከመጀመሪያው እቀዳለሁ።

በባትሪው «ጤዛ»ን አየሁ። የኃይሌ ገሪማ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. 2008። በዚያው ዓመት ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ወስዷል። 140 ደቂቃ ነው። ከዓመታት በፊት ሳየው መሀሉ ላይ ሰዓቴን አይቼ ነበር። ካሴት ቁጭ ብዬ መስማት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ርዝመቱ አልከበደኝም።

የሚሰማኝ ይህ ነው። ጀርመን ያለው ክፍል ብዙ ያስረዳል። ተማሪዎቹ ሲከራከሩ ሁሉም የሚለውን አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። ባለታሪኩ አንበርብር እናቱ ዘንድ ሲመለስ ግን ፊልሙ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሁሉን ይናገራል። እናትየው ልጇ እግር እንደጎደለው እያየች ሳትጠይቀው የምትቆይባቸው ጊዜያት አሉ። ያንን የምታውቀው የገጠር እናት ያለው ሰው ነው። ሐይቁ ዳር ልጆቹ ከአፈሳ ሲሸሹ ደግሞ ሆዴ ተላወሰ። ሙዚቃው የጆርጋ መስፍንና የቪጃይ አየር ነው፤ ሳክስፎኑ ሲገባ ሰው የሚያለቅስ እንጂ መሣሪያ የሚነፋ አይመስልም።

የኃይሌን የቀድሞውን፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ግን አሁንም ከ«ጤዛ» አስቀድማለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. ክረምት በሁለት ሳምንት ገደማ የተቀረጸ። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው ቆሞ ያያል። ማረሱ እስኪያልቅ ያያል። ያኔ ትከሻህ ላይ ይሰማሃል።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው።

ኅዳር 1፣ እሑድ

በዚህ ሳምንት 11 ካሴት ጨረስኩ። አብዛኛው የ1970ዎቹ መጨረሻና የ80ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ፣ ሌሎችም። ሮሃ፣ ሮሃ፣ ሮሃ። «ኪቦርድ መጥቶ ሙዚቃውን ገደለው» የሚል ወሬ ስሰማ አድጌአለሁ። ዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ ላይ የሚሠራውን ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። ጥሩምባ በሌለበት የጥሩምባውን ሥራ ይሠራል፤ ዘፋኙ ሲያርፍ ይመልስለታል፣ ሲነሳ ይለቅለታል። የገደለው ነገር ካለ በኋላ የመጣው ነው፤ አንድ ሰው አንድ መሣሪያ ላይ ሁሉንም ሠርቶ ባንድ የጠፋበት ጊዜ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። የካሴት የመጀመሪያ ገጽ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ምርጡ ዘፈን ነው። ሱቅ በር ላይ በስፒከር የሚለቀቀው እሱ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ገጽ ሲመጣ ብዙው ይዝላል፤ አምስተኛው ዘፈን ከአራተኛው ጋር ይምታታብሃል። ስለዚህ የእኔ መለኪያ ሁለተኛው ገጽ ሆኗል። ሰውየው ማንም አያይም ባለበት ቦታ ምን ሠራ?

በዚህ መለኪያ የአስቴር አወቀ «ካቡ» አንደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው። አሜሪካ ከሄደች በኋላ ስለሆነ ጥሩምባው የተወለወለ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አራቀኝ። ግን እየቆየ ሲሄድ እያነሰ አይደለም፣ እየጨመረ ነው የሚሄደው። አስቴር ቃል መሀል ላይ ድምፅዋን ስትሰብረው ሌላ ዘፋኝ ሞክሮት የሚሳካለት አይመስለኝም። ጋሼ ግን ራይትም ኤክስም አላደረጉበትም። ምናልባት ሻይ ቤቱ ሊዘጋ ሲል የገባ ካሴት ይሆናል።

እየሰማሁ ሳላነብ ግን አልቀረሁም። ደካማው ገጽ ላይ «ኦሮማይ»ን እንደገና ጀመርኩ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው፣ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው፣ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ የቀረበት። ይህን ታሪክ ስለምናውቅ መጽሐፉን እንደ ኑዛዜ ነው የምናነበው። ያንን ለጊዜው ረስታችሁ አንብቡት። እጅግ ፈጣን፣ አስመራን ያፈቀረ ሰው የጻፈው ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኮቹ ፀጋዬና ፊያሜታ ሲያወሩ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሰዎቹ ጊዜ እንደሌላቸው ያውቃሉ። ብዙ ሰው የራሱ የበዓሉ «ከአድማስ ባሻገር» ይበልጣል ይላል። በአሠራር፣ አዎ። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ያስነቃኝ «ኦሮማይ» ነው፤ የእኔ ራይት ለእሱ ነው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አንድ ካሴት ቀርቶ ነበር። በእርግጥ ከሁለት ሳምንት በፊት ከትቼው ነበር፤ ድምፁ ሩቅ ሆነብኝና ሳልቀዳው አስቀመጥኩት። ሽፋኑ ላይ አንድም ምልክት የለም። ዘፈን የለውም፤ አኮርዲዮን ብቻ። ያን ቀን ልብስ እያጣጠፍኩ ስለነበር ማስታወሻዬ ላይ «ለጀርባ ይሆናል» ብዬ ጽፌአለሁ።

ዛሬ ምን እንደሆነ ለማየት ፈታሁት። አምስት ትንንሽ ብሎን አለው። በካቻቢቴ አላልቼ ሽፋኑን በቀስታ አነሳሁ። ቸኩላችሁ ከሆነ እንዳትሞክሩት፤ ክሩ ከተረተረ ሰዓታት ይበላል። ክሩ ከሄዱ ጋር በሚገናኝበት መሀል ላይ አንዲት የመዳብ ሽቦ አለች፤ እሷ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ሱፍ ትለጠፋለች። ሥራዋ ክሩን ከጀርባ ገፍታ ሄዱ ላይ ማስጠጋት ነው። እዚህ ካሴት ላይ ሱፏ የለችም። ሙጫው ደርቆ ወድቃ የካሴቱ ጥግ ውስጥ አገኘኋት። ሳነሳት ገረመኝ፤ መሀሏ በጣም ተበልቶ ሌላኛው ጎን ብርሃን ያሳያል። ሌሎቹን ሁለት ፈትቼ አስተያየሁ። ሦስት ራይት ያለው ማህሙድ እንኳ ሱፉ እንደ አዲስ ነው።

ከአሮጌ ኮፍያ ሱፍ ቆረጥኩ፤ 4 ሚሊ ሜትር በ5። በማስቲሽ ለጠፍኩና በወረንጦ ይዤ ቆየሁ። አንድ ሰዓት አደረቅሁት። ከዚያ ከተትኩት። አሁንም ትንሽ ድፍን ያለ ነበር፤ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በጣም በቀስታ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ አዞርኩ። በአንድ ጊዜ መስኮት የተከፈተ መሰለኝ።

ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር ዓመታት ሒልተን የተጫወተው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲዞር ከቆየ በኋላ ከቀሩት አንዱ ኃይሉ ነው። ይህን ካሴት በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ቀዳው። አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከበሮውም ማሽን። «ሸሞንሟናዬ»ን የመሰሉ የቆዩ ዜማዎች ናቸው፤ ቃል የለባቸውም። በኋላ ኃይሉ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ይኖር ጀመር። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በሸክላና በሲዲ አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ግን አልሰማሁትም ነበር፤ ማወቅ ሌላ፣ መስማት ሌላ። ዛሬ እጄን አጣጥፌ ሰማሁት። አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል፤ እውነትም ነፋስ ነው የሚገፋው፣ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ሲከፈት ይሰማል። ከሥሩ ያለው የከበሮ ማሽን ግን አይተነፍስም፤ ልቡ አይመታም፣ ይቆጥራል። የሚተነፍሰውና የሚቆጥረው ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ከሀገሩ የራቀ ሰው ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የእናቱን ዜማ ሲያንጎራጉር እንደ መስማት ነው። ቃል ቢኖረው ይበላሽ ነበር። «ለጀርባ ይሆናል» የሚለውን ሰረዝኩት።

ጋሼ ግን ለምን ምልክት አላደረጉበትም?

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሽፋኑ ላይ ያሉት ራይቶች የእርስዎ ናቸው አይደል?»

«እጁ የእኔ ነው። ፍርዱ ግን የእኔ አይደለም» አሉ። «ደንበኛ 'እሱን ክፈትልኝ' ሲል ሲበዛ ነው ራይት የማደርገው። የቱ እንደሚፈለግ ልጁ እንዲያውቅ ነበር፤ እኔ ገበያ ስሄድ ቴፑ ላይ የሚቆመው እሱ ነው።»

«ኤክሱስ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱ ደግሞ እንዳይከፍት ነው። ይኸውልህ፣ የጥላሁን ትዝታ አለች አይደል? አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ልጃቸው ዘምቶ ቀረ። ያቺ ስትከፈት ሻዩን ትተው ይወጣሉ። ሁለቴ እንዲህ ሆነ። ከዚያ ኤክስ አደረግሁ። ወላሂ፣ ዘፈኗን ጠልቼ አይደለም።»

እኔ አንድ ወር ሙሉ ከዚህ ኤክስ ጋር ስከራከር ነበር።

ስለ ኃይሉ ካሴት ጠየቅኋቸው። ስሙን ስጠራው ቶሎ አልመጣላቸውም። «አኮርዲዮኑ» ስል ግን «እህ! እሱ አለ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረ።

«በ77 መጨረሻ ይሁን በ78 መጀመሪያ፣ እህል የሚጭን አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ ይዞት መጣ። ያን ጊዜ እንደምታውቀው ነው። ሰው ከየገጠሩ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ በራችን ላይ ይቀመጣል። ያለንን እንሰጣለን፣ አይበቃም። እንዴት ብለህ ዘፈን ትከፍታለህ? አፈርን። ብዙ ጊዜ ቴፑን ዘጋነው። ይኼኛው ግን ቃል የለውም። አይዘፍንም፤ ያንጎራጉራል እንጂ። ማታ በሩን ከዘጋን በኋላ ብርጭቆ እያጠብን ቀስ አድርገን እንከፍተው ነበር። ከዚያም በኋላ ያው ልማድ ሆነ፤ ደንበኛ ባለበት ከፍቼው አላውቅም።»

«ስንት ዓመት?»

«እስከ ዘጋሁ ድረስ ነዋ።»

ያቺ ተበልታ ብርሃን የምታሳየው ሱፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለች። አልጣልኳትም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

41ዱም አልቀዋል። ከ41ዱ 38ቱ በደህና ተቀድተዋል። ሁለቱ ክራቸው ተጣብቆ ሲፈታ የብረት ዱቄቱ እየረገፈ ስለሆነ አቆምኳቸው። አንዱ ባዶ ነው፤ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻ ሰምቼዋለሁ።

ጋሼ ትንሽ ሬዲዮ አላቸው፤ ሚሞሪ ካርድ ትወስዳለች። ሁሉንም እንደ ካሴቱ ቅደም ተከተል ደርድሬ ካርዷ ላይ ጫንኩ። የጥላሁን ትዝታም ቦታዋ ላይ አለች። ኃይሉን ከሁሉ በፊት አስቀመጥኩት።

ከመላኬ በፊት ደውዬ ሌላ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ጠየቅኋቸው። «ሁለቱን ገጽ አታጣብቃቸው» አሉኝ። «ካሴቱን እስክገለብጥ ድረስ አንድ ብርጭቆ አጠባለሁ።»

በሁለቱ ገጾች መሀል 15 ሰከንድ ጸጥታ ጨመርኩ። ካርዷን ዛሬ ማታ ለደሴው አውቶቡስ ሾፌር እሰጣለሁ።